ጎን ለጎን የሄዱት ሁለት ቧንቧዎች

የአልትራሳውንድ ክፍሉ ያለው በመተላለፊያው መጨረሻ፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ወንበር፣ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ጨርቅ፤ በቃ። ከግድግዳው ማዶ ማጠቢያው መሽከርከር ሲጀምር አልጋው ይነዝራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ሴት «እንዴ፣ ልጄ ነው?» ብላ ሆዷን ትይዛለች።

«አይ፣ አንሶላ ነው» ትላታለች የክፍሉ ባለሙያ። «ያንቺ ልጅ ገና እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም።»

ይህችን ባለሙያ የማዋለጃ ክፍል ነርሶች «ግራቀኝ» ብለው ሰይመዋታል። ከኋላዋ ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊትም ይጠሯታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስቱን ያሳለፈችው እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ፕሮብ የሚባለውን ሆድ ላይ የሚንሸራተት እጀታ በቀኝ እጇ ይዛ ነው። ስሙ የወጣላት በአሠራሯ ነው። ሌላው ባለሙያ እናትየዋ ገና ከመተኛቷ የልብ ምት ፍለጋ ይሄዳል። እሷ ግን የልጁ ግራ የቱ፣ ቀኙ የቱ እንደሆነ ሳትወስን ወደ ልቡ ዝር አትልም። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ለፎቶ እንደቆመ ሰው ፊቱን አዙሮ አይጠብቅም። አንዱ ተዘቅዝቋል፣ አንዱ ተጋድሟል፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ አኩርፏል።

ለዚህ ሥራ ከጋውኗ ኪስ የማትጠፋ አሻንጉሊት አለቻት። ከአሮጌ አንሶላ የሰፋቻት ናት፤ ግራ እጇ በቀይ ክር ተጠልፏል። መጀመሪያ ራሱ የት እንዳለ፣ ቀጥሎ ጀርባው ወዴት እንደሆነ ታይና አሻንጉሊቷን በዚያው አኳኋን ጭኗ ላይ ታስተኛታለች። ቀዩ ክር ወዳለበት ያለው ግራ ነው፤ ልብም ጨጓራም እዚያ መገኘት አለባቸው። ነርሶቹ «ዛሬስ ልጅሽ ምን አለችሽ?» እያሉ ይስቁባታል። «ከእናንተ የተሻለ ታውቃለች፤ ቢያንስ ዝም ትላለች» ትላቸዋለች።

እንዲህ ጥንቁቅ ሆና አልተወለደችም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንዲት እናት አይታ፣ ቅጹ ላይ ልብን በተመለከተ የነበረውን ብቸኛ ጥያቄ «አራቱ የልብ ክፍሎች ታይተዋል?» የሚለውን አይታ፣ «አዎ» ብላ ምልክት አደረገች። እውነቷን ነበር፤ አራቱም ታይተው ነበር። ልጁ ተወልዶ፣ አልቅሶ፣ ጠብቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ከንፈሩና ጥፍሮቹ ጠቁረው ተመልሶ መጣ፤ ምን እንደያዘው ሳይታወቅ ሞተ። ማንም እሷን አልወቀሰም። ቅጹ በትክክል ተሞልቷል። እሷ ግን ያ «አዎ» አላስተኛት አለ።

በዓመቱ ከትልቁ ከተማ የልብ ማዕከል አንዲት የሕፃናት ልብ ሐኪም ለሦስት ቀን ሥልጠና መጣች። ግራቀኝ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ነገሩን ከነምልክቱ ነገረቻት። ሐኪሟ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ሁለት እጆቿን አንስታ አንጓዎቿን አጠላለፈች።

«ከልብ የሚወጡ ሁለት ትልልቅ ቧንቧዎች አሉ። አንዱ ደም ወደ ሳንባ ይወስዳል፣ አንዱ ወደ ሰውነት። ጤነኛ ልብ ላይ ሲወጡ እንዲህ ይሻገራሉ።» ቀጥላ እጆቿን አላቃ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። «እንዲህ ከሆኑ ግን ቦታ ተቀያይረዋል ማለት ነው። ከሳንባ የመጣው ደም ተመልሶ ወደ ሳንባ፣ ከሰውነት የመጣው ተመልሶ ወደ ሰውነት። ሁለት ዙር፣ የማይገናኝ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ወር እንዴት ኖረ?»

«ሆድ ውስጥ ሳንባው ሥራ አልያዘማ። ኦክስጅኑ በእትብት ከእናቱ ይመጣለታል፤ ሁለቱን ዙር የሚያገናኙ መሸጋገሪያዎችም ክፍት ናቸው። ከተወለደ በኋላ ግን ይዘጋሉ፤ ጉዱ የሚጀምረው ያኔ ነው። አራቱ ክፍሎች ደህና ስለሚመስሉ ያንቺ ቅጽ አይይዘውም። ከአራቱ ክፍሎች ተነስተሽ ፕሮቡን ወደ ልጁ ራስ በኩል ትንሽ ብታዘነብዪው ቧንቧዎቹን ታዪያቸው ነበር።»

«ቀድሞ ከታወቀስ?»

«ቀድሞ ከታወቀማ እኛ ጋ ይወለዳል። መሸጋገሪያው እንዳይዘጋ በደም ሥር መድኃኒት እንጀምራለን፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቧንቧዎቹን ወደ ቦታቸው እንመልሳለን። አብዛኞቹ ይድናሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራቀኝ ማንም ሳያዛት እያንዳንዱን ልብ ወደ ላይ እያዘነበለች ማየት ያዘች። መጀመሪያ ሰሞን ቧንቧዎቹን ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ይፈጅባት ነበር፤ መተላለፊያው ላይ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ደቂቃ በቃት። በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች ሲሻገሩ አየች። እሰየው እያለች አሳለፈቻቸው።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ ጠዋት መጣ።

አልጋው ላይ የተኛችው የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ሃያ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ይዘዋት የመጡት አማቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት። በዚያ ከተማ የእሳቸውን ኩርኩም ያልቀመሰ ሰው ጥቂት ነው። የሆስፒታሉ የማህፀን ሐኪም እንኳን እሳቸውን ባየ ቁጥር እጁን ከኪሱ ያወጣል።

ግራቀኝ ጄሉን ቀባች። ራሱን ታች፣ ከእናትየዋ ዳሌ በላይ አገኘችው። ስክሪኑ ጀርባውን በእናቱ ቀኝ አሳያት። አሻንጉሊቷን በዚያው ልክ አስተኛቻት። ልቡ መገኘት ካለበት ተቃራኒ ነበር፤ ጨጓራውም እንደዚሁ። ፕሮቡን አዘነበለች። ሁለቱ ቧንቧዎች ጎን ለጎን ሽቅብ ወጡ። ጠበቀች፤ አልተሻገሩም። ደግማ አዘነበለች፤ አሁንም አልተሻገሩም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ መምህርቷ ከወንበራቸው።

«እያየሁ ነው ቲቸር።»

«ማየትሽንማ እኔም እያየሁ ነው።»

ግራቀኝ ፊልሙን ቀድታ ለልብ ሐኪሟ ላከች፤ ለቤተሰቡም ሳትደብቅ ያየችውን ነገረቻቸው። ልቡ በቀኝ በኩል ይመስላል፤ ቧንቧዎቹም አልተሻገሩም፤ የሚያረጋግጠው የልብ ማዕከሉ ነው፤ ከሆነ ልጁ መወለድ ያለበት እዚያ ነው። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። «አሁን እያመመው ነው?» አላመመውም ስትባል ተንፈስ አለች።

በማግስቱ ሐኪሟ ደወለች። ሰላምታውን አሳጠረችው።

«የላክሽልኝ ፊልም ላይ፣ ከምስሉ በላይ ያለችውን ምልክት አይተሻታል?»

«የቷን?»

«የፕሮቡን ጎን የምታሳየውን። ሁልጊዜ በግራ ነው የምትሆነው። እዚህ በቀኝ ናት። ምስልሽ ተገልብጧል።»

ግራቀኝ ክው አለች። ስልኩን እንደያዘች ማሽኑን አብርታ የማክሰኞውን ፊልም አወጣች። ምልክቷ እውነትም በቀኝ ተሰይማለች። ነገሩን ለመረዳት ብዙ አልፈጀባትም። ሁልጊዜ ጠዋት ማሽኑን ካበራች በኋላ ቁልፎቹን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ትወለውላለች፤ ሌላ ሰው አታስነካም። ምስል የሚገለብጠው ቁልፍ ከጥጉ ነው። ማክሰኞ ዕለት በዚያ ሁሉ ፅዳት ራሷ ተጭናዋለች፤ ማሽኑ ለቀጣይዋ እናት ራሱ ወደ ቦታው ስለሚመልሰው ሌላ ምስል ላይ አልታያትም። ሃያ ስድስት ዓመት ያስለመደችውን እጇን አምና ምልክቷን ቀና ብላ አላየችም። ጀርባው በእናቱ ግራ ነበር፤ ልቡም በትክክለኛ ቦታው። አሻንጉሊቷ ምን ታድርግ፣ እንዳስተኟት ትተኛለች።

«ልብ በቀኝ የሚለውን ሰርዢው» አለች ሐኪሟ። «ቧንቧዎቹን በተመለከተ ፊልሙ አጭር ነው፤ ልጁም ተንቀሳቅሷል። በዚህ ልፈርድ አልችልም። ድገሚና ላኪልኝ። ከሆነ ከአሁኑ አልጋ ልያዝላት።»

ስህተቷን ደብቃ «ለክትትል ነው» ብላ ልትጠራቸው ትችል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ስህተቱን የደበቀማ ባሰ። ጠርታ እንዳለ ነገረቻቸው። የማህፀን ሐኪሙም ክፍሉ ውስጥ ነበር።

መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ትናንት በቀኝ ነው አልሽን። ዛሬ በግራ ነው አልሽን። ነገ ደግሞ ጉልበቱ ላይ ወርዷል ትይን ይሆናል።»

«ቲቸር፣ የተሳሳትኩት ጎኑን ነው። ቧንቧዎቹ ግን...»

«መነሻው የተሳሳተ ስሌት መልሱ አይታረምም። ዜሮ ነው።» ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ቲቸር... አራቱ ክፍሎች ደህና ናቸው። ጊዜውም ገና ነው።»

«ሰማሽ? ተነሺ ልጄ። ይቺን ልጅ አትስሚያት» ብለው ምራታቸውን ይዘው ወጡ። ግራቀኝን «ይቺ ልጅ» የሚላት ሰው ከሞተ ቆይቷል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይላት ነበር።

«ተያት በቃ» አላት ሐኪሙ። «ሴትየዋን አታውቂያቸውም። አንድ ጊዜ ዜሮ ከሰጡ ሰጡ ነው።»

«ልጁ ቤት አጠገብ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን ሲጠቁር ዜሮውን ለማን ልንሰጥ ነው?»

ሐኪሙ እጁን መልሶ ኪሱ ከቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ እንደጨረሰች በእግሯ ሄደች። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ታሰላስል ነበር፤ ስህተቴ ምን አበላሸ፣ ምን አላበላሸም? እንደ አንድ የተሰፋ ልብስ ፈታታ አየችው። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ሰማያዊ ዩኒፎርሞች፣ ደንበኛ ለክቶ የሚታይበት ቁመተ ረጅም መስታወት። ልብስ ሰፊዋ ኮሌታ ትገጣጥማለች፤ መምህርቷ ቁልፍ በመጠን በመጠኑ ይለያሉ።

«እግርሽ ከዐይንሽ ይሻላል፤ ቤታችንን ሳትስቺ አገኘሽው» አሉ መምህርቷ።

«ለመከራከር አልመጣሁም ቲቸር። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት ነው።»

መምህርት ጥያቄ አይንቅም። «ጠይቂ።»

ግራቀኝ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ሁለት የልብስ ሜትሮች አነሳች። አንዱን በአንዱ ላይ አሻግራ በመስታወቱ ፊት ዘረጋቻቸው። «መስታወት ውስጥ ሲያዩዋቸው ተሻግረዋል ወይስ አልተሻገሩም?»

«ተሻግረዋል።»

ሜትሮቹን አላቃ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። «አሁንስ?»

መምህርቷ ከወንበራቸው ተነሱ፤ መስታወቱን አዩ፣ ሜትሮቹን አዩ። ሜትሮቹን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው አሻገሯቸው፣ ራሳቸው አላቀቋቸው። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች።

«የኔ ስህተት መስታወት ነው» አለች ግራቀኝ። «ግራውን ቀኝ አድርጎብኛል። ስለ ግራና ቀኝ ያልኩትን ሁሉ ዜሮ ይስጡኝ፣ ይገባኛል። ግን መስታወት የተሻገረውን ጎን ለጎን ማድረግ ይችላል?»

መምህርቷ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«ነጸብራቅ ጎን ይቀይራል» አሉ ቀስ ብለው፣ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉ ሁሉ። «ትይዩውን ግን ተቆራራጭ አያደርግም። ይህንን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል።» ቆይተው ደግሞ፣ «እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» አሉ።

«እንግዲያው ስሌቱ በሙሉ ዜሮ አይደለም።»

«ግማሽ ማርክ» አሉ መምህርቷ። «ግማሽ ማርክ ሰጥቼሻለሁ። ልጁ ተንቀሳቅሶ ቢሆንስ?»

«እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው። አንድ ጊዜ ብቻ ትምጣልኝ። የሌለ ከሆነ ይቅርታ ጠይቄ ዳግመኛ ስማችሁን አልጠራም። ካለ ደግሞ ሦስት ወር ተኩል አለን፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለዚህ ነው።»

መምህርቷ ሊመልሱ ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ቀደመቻቸው። «እኔ እሄዳለሁ እማዬ።» ድምጿ ከፍ አላለም። «እስካሁን ሁለታችሁ ስትከራከሩ ዝም አልኩ። ሆዱ የኔ ነው። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

አማት ምራታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአት። «በምን ሰዓት?» አሉ ወደ ግራቀኝ ዞረው። «እኔ ግን ከኋላሽ ነው የምቆመው።»

በማግስቱ ጠዋት ግራቀኝ ቁልፎቹን ማሽኑ እንደጠፋ ወለወለች፤ ከዚያ አበራችው። ምልክቷ በግራ ናት። እሷን ማመን ግን አልበቃትም። ጄል የተቀባውን ፕሮብ ለመምህርቷ ዘረጋችላቸው።

«ይህችን ጠርዝ በጣትዎ መታ መታ ያድርጓት።»

መምህርቷ መታ አደረጉ። የስክሪኑ ግራ ጥግ ብልጭ ብልጭ አለ። ሌላኛውን ጠርዝ ሳይነገራቸው ራሳቸው መቱት፤ ቀኙ ብልጭ አለ። «ተረጋግጧል» አሉና እንዳሉት ከኋላ ቆሙ።

ራሱ ታች ነው። ጀርባው በእናቱ ግራ። ልቡ በግራ፣ ጨጓራው በግራ። አራቱ ክፍሎች፣ ደህና። ግራቀኝ ፕሮቡን ወደ ራሱ በኩል አዘነበለችና ልጁ እስኪረጋ ጠበቀች። ከማዶ ማጠቢያው መዞር ጀመረ፤ እስኪያቆም ደግሞ ጠበቀች።

ቧንቧዎቹ ብቅ አሉ። አንዱ ከአንዱ ጎን፣ ሽቅብ። አንዴ አየቻቸው፣ ከሌላ አቅጣጫ አየቻቸው፣ የደሙን ፍሰት በሚያሳየው ቀለም አየቻቸው። ረጅም ፊልም ቀዳች።

«ትይዩ» አሉ መምህርቷ ከኋላዋ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ የሚያዝዝ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ግማሽ ማርኬን እመልሳለሁ። ሙሉውን ውሰጂ።» ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ የምራታቸውን እግር ያዙ።

ልብስ ሰፊዋ ብታለቅስ ባላስገረመ ነበር፤ እሷ ግን ጄሉን ከሆዷ እየጠረገች የጠየቀችው ስለ መኪና መንገድ ነበር። የልብ ማዕከሉ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? አምስት ሰዓት። እንግዲያው ምጥ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም፤ ቀኗ ሳይደርስ በሁለት ሳምንት ቀድማ እዚያ ትገኛለች፤ የባሏ አክስት እዚያ ቤት አላት፤ የዩኒፎርሙን ሥራ ደግሞ ከዚያ በፊት ትጨርሳለች። ሐኪሟ በዚያው ቀን ከሰዓት መልስ ሰጠች። ምርመራው ልክ ነው፤ አልጋ ተይዟል። የማህፀን ሐኪሙ የማስተላለፊያ ወረቀቱን ራሱ ጻፈ፤ መምህርቷም አንብበው አንድ ፊደል አረሙለት።

ሴት ልጅ ነበረች። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ጮክ ብላ እያለቀሰች ወጣች። ግራቀኝ ይህን ያወቀችው መምህርቷ ስለደወሉ ነው። ከዚያ በኋላም በየቀኑ ረፋድ ላይ ደወሉ፤ ሪፖርታቸው ቁጥር በቁጥር ነበር።

«ስትወለድ ከንፈሯ ቀላ ያለ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግራጫ ሆነች። ኦክስጅኗ ከመቶ ስልሳ አራት። መድኃኒቱ ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለነበር ወዲያው ጀመሩላት።»

«ከዚያስ?»

«በእትብቷ በኩል ቀጭን ቱቦ ልብ ድረስ አስገቡ። ጫፉ ላይ ፊኛ አለው። በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ያለችውን ቀዳዳ በፊኛው ጎትተው አሰፏት፣ ደሙ እንዲደባለቅ። ሰማንያ አንድ ገባች። ሰማንያ አንድ ጥሩ ነው አይደል?»

«ለጊዜው በጣም ጥሩ ነው ቲቸር።»

ዘጠነኛው ቀን የቀዶ ሕክምናው ቀን ነበር። ግራቀኝ የዕለቱን እናቶች እንደወትሮው አየች፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ አንዷንም አላቻኮለች። በየመሃሉ ስልኳን ገልብጣ ታያለች። ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ፈጅቶ ሲያበቃ የልብ ሐኪሟ አጭር መልእክት ላከች። ሁለቱ ቧንቧዎች ተቆርጠው ወደየቦታቸው ተሰፍተዋል፤ ልብን ራሷን የሚመግቡት ቀጫጭን ደም ሥሮችም አብረው ተዛውረዋል፤ ልቧ በራሷ እየመታች ነው። ግራቀኝ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ለማዋለጃ ክፍል ነርሶች አሳየቻቸው። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ምን እንዳደረገች እሷ ታውቃለች፤ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር።

አምስት ቀን ያህል መምህርቷ ቁጥር ብቻ ሲነግሯት ሰነበቱ። የትንፋሽ መሣሪያው ወጣ። ኦክስጅን ዘጠና ሰባት። ትኩሳት የለም። በስድስተኛው ቀን ስልኩ ሲጮህ ግራቀኝ እጇ ላይ ጄል ነበረ፤ በትከሻዋ ይዛ አነሳችው። አልጋው ላይ ያለችውን እናት «አንድ ጊዜ» አለቻት።

ከወዲያ ማዶ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ፣ ጆሮ ሥር።

«ምን ሆናለች ቲቸር?»

«ምንም አልሆነችም። ዛሬ በአፏ ጠባች። ሠላሳ ሚሊ ሊትር ነው የተፈቀደላት፣ ለክተው ሰጧት። ጨርሳ ነው የምትጮኸው።»

ግራቀኝ ልቅሶውን አዳመጠች። ትንፋሹ አይቆራረጥም። ንዴት እንጂ ድካም የለበትም።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። «ሐኪሟን ጠይቁና ጨምሩላታ።»